ያረጀ ኒሳን ሊፍ ፈታትቶ በየዕቃው ለመሸጥ

ከ2011 እስከ 2015 የተሠሩት ኒሳን ሊፍ የተባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በጣም ርካሽ ሆነዋል። ያረከሳቸው የባትሪያቸው መድከም ነው። 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የለውም፣ የሚያናፍሰው ፋንም የለውም፤ ሙቀቱ የሚወጣው በታሸገበት ብረት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ፊኒክስ የዋለ መኪና ሲያትል ከዋለው ዓመታት ቀድሞ ይደክማል። ኒሳን ለባትሪው አቅም የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና የጨመረውም በ2012 የአሪዞና ባለቤቶች ቅሬታ ከበዛ በኋላ ነው። ሞተሩ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲሆን የሚቀይረው ክፍል)፣ ቻርጀሩና ካምቢዮው ግን ከባትሪው እኩል አያረጁም። በባትሪው ምክንያት በርካሽ የተገዛ መኪና ተፈትቶ ሲሸጥ ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከመኪና የወጣ ኢንቨርተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። እንደ ዲናሞ ወይም እንደ ሞተሪኖ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አገናኝተው አይሞክሩትም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው ብሎን ከመፈታቱ በፊት፣ መኪናው ገና እየሠራ ሳለ በተያዘው ማስረጃ ነው። ይህን ሳያደርግ መፍቻ ያነሳ ሰው ደህናውን ዕቃ «ያልተሞከረ» ብሎ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ገዢም የሚከፍለው በዚያው ልክ ነው።

መፍታት የሚያዋጣው የትኛውን ነው?

በዳሽቦርዱ ላይ ከባትሪው ሙሌት መለኪያ አጠገብ 12 ትናንሽ ጭረቶች አሉ፤ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ጭረት የሚጠፋው አቅሙ ወደ 85 በመቶ ሲወርድ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጭረት 6 በመቶ ገደማ ነው። 9 ጭረት ማለት ከ66 እስከ 72 በመቶ ገደማ፣ 8 ጭረት ማለት ከ60 እስከ 66 በመቶ ገደማ ነው። 9 እና ከዚያ በላይ ጭረት ያለው፣ ያለ ችግር የሚሄድ ሊፍ እንዳለ ይሸጥ እንጂ አይፈታ። በቀን 30 ወይም 40 ማይል ብቻ የሚነዳ ሰው ይፈልገዋል፣ ለእርስዎም የሁለት ሳምንት ድካም ይቀርልዎታል።

ለመፍታት የሚመረጠው ከኋላ ወይም ከጎን ተመትቶ ኢንሹራንስ የጣለው፣ ግን አሁንም «ሬዲ» የሚለውን አረንጓዴ መብራት የሚያበራ መኪና ነው። ከፊት የተመታ ከሆነ መብራቶቹ፣ ራዲያተሩ፣ ኮምፕረሰሩ፣ አንዳንዴም የመሙያ ሶኬቱ አብረው ሄደዋል። ጎርፍ የገባበትን መኪና በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። በተለይ የባሕር ውሃ ባትሪው ውስጥ ከገባ ጨው በሴሎቹ መካከል መንገድ ይሠራል፤ እሳቱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ይህ በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ታይቷል።

የተሠራበትን ዓመት ከሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ካለው ስቲከር ያረጋግጡ፤ ለዕቃው ስም ለመስጠት ያስፈልጋል። የ2011 እና የ2012 ሞተር ኢኤም61 ይባላል፣ 280 ኒውተን ሜትር ይስባል፤ ቻርጀሩ 3.3 ኪሎዋት ሆኖ ከኋላ ወንበር ጀርባ ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ከ2013 ጀምሮ ሞተሩ ኢኤም57 ነው፣ 254 ኒውተን ሜትር። ቻርጀሩና ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ክፍል በአንድ ሳጥን ሆነው ኮፈኑ ሥር ከኢንቨርተሩ በላይ ተደራርበዋል። ሁለቱም ሞተሮች 80 ኪሎዋት ቢሆኑም እርስ በርሳቸው አይተካኩም። «የሊፍ ሞተር» ብቻ ብሎ የለጠፈ ሰው ዕቃው ተመልሶ ይመጣበታል።

ታይትሉ በስምዎ ይሁን። ብዙ ስቴቶች መኪና ፈትቶ መሸጥን እንደ ንግድ ሥራ ስለሚቆጥሩት የፈቺ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የስቴትዎን ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መጀመሪያ ይጠይቁ። በዓመት 5 እና ከዚያ በላይ የተጣሉ መኪኖችን የሚይዝ ደግሞ ኤንኤምቪቲስ ለሚባለው የፌዴራል የመኪና መዝገብ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት።

ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሚመዘገበው

በብሉቱዝ የሚሠራ ኢኤልኤም 327 ማንበቢያ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ይሰኩና ሊፍ ስፓይ የተባለውን የስልክ አፕ ይክፈቱ። አፕሊኬሽኑ የሻሲ ቁጥሩን፣ ማይሉን፣ የቀረውን አቅም በመቶኛና በአምፒር ሰዓት፣ ፈጣን ቻርጅ ስንት ጊዜ እንደተደረገ፣ የ96ቱንም ጥንድ ሴሎች ቮልቴጅ ያሳያል። አዲሱ ባትሪ 65 አምፒር ሰዓት አካባቢ ነበር፤ 40 ካሳየ የቀረው 61 ወይም 62 በመቶ ነው።

የሴሎቹ ሠንጠረዥ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባትሪው 80 በመቶ ሞልቶ መኪናው ቆሞ ሲለካ ደካማውም ጠንካራውም ሴል አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ ከ20 ሚሊቮልት አያልፍም። ደካማው የሚጋለጠው ሙሌቱ ከ20 በመቶ ሲወርድና ጭነት ሲበዛበት ነው። ማሞቂያውን ከፍተው ይንዱ፣ ሙሌቱ ዝቅ ሲል ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ጓደኛዎ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑን ፎቶ ያንሳ። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በ100 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከወደቀ፣ ያ ጥንድ ያለበት ሞጁል (ሴሎች አብረው የታሸጉበት የባትሪው ክፍል) ብቻውን መውጣት አለበት። አንድ ሞጁል ሁለት ጥንድ ስለሚይዝ ቁጥሩን ለሁለት ማካፈል ተራውን ይነግርዎታል። አካላዊ ቦታውን ግን ከሰርቪስ መጽሐፉ ሥዕል ያረጋግጡ፤ ተራው በወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ልምድ ያለው ገዢ መቶኛውን ብቻ አያምንም። የባትሪው ኮምፒውተር ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሞተ ባትሪ ለጊዜው 12 ጭረት ያሳያል። ስለዚህ እስከ ታች የተነዳበትን ንባብ፣ ማለትም ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደወጣ የሚያሳየውን፣ ከማይሉና ከሻሲ ቁጥሩ ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ያስቀሩ።

በዚሁ ቀን ሳይቋረጥ በአንድ ቪዲዮ የሚቀረጹ ነገሮች አሉ። የሻሲ ቁጥሩ ከመስታወቱ ሥር ይታይ፣ መኪናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሂድ፣ ኤሲው ይቀዝቅዝ፣ ማሞቂያው ይሙቅ። ቻርጀሩ በ240 ቮልት ሲሞላ ስንት አምፒር እንደሚወስድ ያሳዩ፤ 3.3 ኪሎዋቱ 16 አምፒር አካባቢ፣ 6.6 ኪሎዋቱ ደግሞ 27 አካባቢ ይወስዳል። 6.6 ነው ብለው ሊሸጡ ከሆነ የሚሞክሩበት ማሞያ ራሱ 30 አምፒር የሚሰጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ ደህናው ቻርጀር ትንሹን ይመስላል። ቻዴሞ የተባለው የፈጣን ቻርጅ ሶኬት ካለው አንድ ፈጣን ጣቢያ ወስደው 5 ደቂቃ ይሙሉና የጣቢያውን ስክሪን ያንሱ።

የብልሽት ኮዶቹን መጀመሪያ ያንብቡ፣ ያጥፉ፣ 10 ማይል ነድተው እንደገና ያንብቡ። ፒ0ኤኤ6 የሚል ኮድ ከተመለሰ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ መኪናው አካል እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኤሲ ኮምፕረሰሩ ወይም ማሞቂያው ይሆናል። የሚፈሰው ክፍል ሳይለይ የትኛውንም የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃ «ደህና ነው» ብለው አይሽጡ።

ሙከራው ሲያልቅ ባትሪውን እስከ 30 በመቶ ብቻ ሞልተው ይተዉት። አነስተኛ ሙሌት አነስተኛ እሳት ነው፤ በኋላ ለማጓጓዝም ይጠቅማል።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ ማቋረጥ

ሙሉ ባትሪ 400 ቮልት ይደርሳል። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ የተነሳ ብልጭታ ራሱን አያጠፋም። የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው፦ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ክላስ 0 የጎማ ጓንት ከላዩ የቆዳ ጓንት ጋር፣ የፊት መከላከያ፣ ካት 3 1,000 ቮልት የሚል ምልክት ያለው ቴስተር፣ እጀታቸው በ1,000 ቮልት ልባስ የተሸፈነ መፍቻዎች። ጓንቱን ከመልበስዎ በፊት ከአፉ ጀምረው ጠቅልለው አየር ያምቁበት፤ አየር ካስተነፈሰ ይጣል። ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል ይወልቁ። ብቻዎን አይሥሩ፤ አጠገብዎ የሚቆመው ሰው እርስዎን በእጁ ሳይነካ በደረቅ እንጨት እንዴት እንደሚያላቅቅ ይወቅ።

መኪናውን ያጥፉ፣ ቁልፉን ከመኪናው ቢያንስ 5 ሜትር ያርቁ። የ12 ቮልቱን ባትሪ ኔጌቲቭ ይንቀሉ። ከኋላ ወንበሮች ፊት፣ በወለሉ መካከል ምንጣፉ ላይ የተቆረጠ ክዳን አለ፤ ሲነሳ በ10 ቁጥር ብሎኖች የታሰረ የብረት ክዳን ይመጣል። ከሥሩ ያለው የሰርቪስ ፕላግ ነው። ጓንትዎን ለብሰው ማቆለፊያውን ያንሱ፣ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፣ ኪስዎ ውስጥ ያስገቡት። ማንም ሰው ተመልሶ ሊሰካው በማይችልበት ቦታ እንዲሆን ነው። የቀረውን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ ቴፕ ይሸፍኑ።

አሁን 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች እስኪወርዱ ነው። ከዚያ ቴስተሩን መጀመሪያ በሚታወቅ ባትሪ ላይ ይሞክሩ፣ የኢንቨርተሩን የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ጫፎች ይለኩ፣ ከዚያ እንደገና በሚታወቀው ባትሪ ላይ ይሞክሩ። ከ5 ቮልት በላይ ካነበበ ይመለሱና ይጠብቁ። ሦስቱን መለኪያ ሳያሟሉ አንድም ብርቱካናማ ኬብል አይነካ። የሞተ ቴስተርም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

ፕላጉ የሚያደርገው ባትሪውን ከመሃል መክፈል ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። ሳጥኑ ውስጥ በእያንዳንዱ ወገን ወደ 180 ቮልት የሚሆን ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ አለ፤ የሚያጠፋው ቁልፍም የለም።

አወጣጡ

ባትሪው 300 ኪሎ ይጠጋል፤ በክሪክ ብቻ አይወርድም። ሊፍት ካለ መኪናውን ሰቅለው፣ ቢያንስ 500 ኪሎ የሚችል ባለ ጎማ ጠረጴዛ ከሥሩ አስገብተው እስኪነካው ያንሱ። የሥር መሸፈኛ ፕላስቲኮቹን፣ ብርቱካናማ ሶኬቶቹን፣ የኮምፒውተሩን መገናኛ ሶኬትና ከአካሉ ጋር የሚያገናኙትን የመሬት ሽቦዎች ከፈቱ በኋላ ነው ዙሪያውን ያሉት ብሎኖች የሚፈቱት። ባትሪው ሲለቅ የመኪናው ሚዛን ወዲያው ይቀየራል፤ ሊፍት ላይ ያለውን አካል አስቀድመው በቀበቶ ይሰሩት። የወጡትን የባትሪ ሶኬቶች በፕላስቲክና በቴፕ ያሽጉ።

የኤሲውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሠርተፊኬት ያለው ሰው በማሽን ይሳበው። ኮምፕረሰሩን ሲያወጡ ሁለቱን አፎች ወዲያው ይድፈኑ። ዘይቱ እርጥበት በፍጥነት ይጠጣል፣ በዚያ ላይ ይህ ኮምፕረሰር የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ፒኦኢ ዘይት ብቻ ነው። በተለምዶ መኪና የሚሞላው ፓግ ዘይት ጥቂት እንኳ ከገባበት የሞተሩን ሽፋን ያበላሽና ያ ፒ0ኤኤ6 ኮድ ይመጣል። ይህንን በማስታወቂያው ላይ ቢጽፉ ገዢውንም ራስዎንም ከክርክር ያድናሉ።

ራዲያተሩን አፍስሰው፣ የጎማ ዘንጎቹን ከአውጡ በኋላ ከፊት ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ያውርዱት፤ ከ2013 በኋላ ባሉት ላይ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኢንቨርተርና ቻርጀር በአንድ ቁልል ነው። መበታተን የሚሻለው መሬት ላይ ነው። ሞተሩ ብቻውን ወደ 58 ኪሎ ይመዝናል። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ከአንድ ሊትር ብዙም አያልፍም፤ ማግኔቱ ላይ ጥሩ ዱቄት ካለ ደህና ነው፣ የብረት ቅንጣት ካለ ካምቢዮው በብረት ዋጋ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ መቀስ ዋጋ ያጠፋል። ሶኬቶችን ከሥሩ አይቁረጡ። የሊፍ ሞተር ዋነኛ ገዢዎች የቤንዚን መኪናቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ለኢንቨርተሩ ሶኬት፣ ለሞተሩ ማዕዘን መለኪያ ሶኬት፣ ለነዳጅ መስጫው ሶኬት ጭምር ይከፍላሉ፤ ለየብቻ ለማግኘት ያስቸግራል። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ይተዉላቸው። ከሁሉ የሚሻለው ገመዱን ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ፣ በስቲከር እየሰየሙ ማውጣት ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚመርጡት ጥቅል አለ፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኢንቨርተር፣ ኢንቨርተሩን ከሞተሩ በሚያገናኙት ሦስት የፌዝ መዳቦች እንደታሰረ፤ ቻርጀሩ፣ ዋናው የመኪና ኮምፒውተር፣ ማርሽ መያዣው፣ ነዳጅ መስጫው፣ የአካል ኮምፒውተሩና ሁለቱ ቁልፎች። እነዚህ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው። ለያይተው ቢሸጧቸው የገዙት ሰዎች ክፍሎቹን እንደገና የሚያስተዋውቀውን ኒሳን ኮንሰልት የሚባል ማሽን ፍለጋ ይሄዳሉ። የሊፍ ኢንቨርተር ውስጥ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚተክሉም አሉ፤ ለነሱ ኢንቨርተሩና ሞተሩ ይበቃል። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱንም አማራጭ ያስቀምጡ።

ባትሪውን እንዳለ ወይስ በሞጁል?

ከ65 በመቶ በላይ የቀረው፣ የሴሎቹ ልዩነትም ትንሽ የሆነ ባትሪ እንዳለ ይሸጥ። ገዢው የራሱ ባትሪ የሞተበት ሌላ የሊፍ ባለቤት ነው። ከ2013 ወዲህ ባሉት ላይ ባትሪውን የሚቀይር ሰው አዲሱን ከመኪናው ጋር በኮንሰልት ማስመዝገብ ወይም በመገናኛ መስመሩ ላይ አስተርጓሚ ሰሌዳ ማስገባት ይኖርበታል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ከዚያ በታች የሆነውን በሞጁል መሸጥ ይሻላል፤ ግን ድካሙን ሳያስቡ አይጀምሩት። ሳጥኑ ውስጥ 48 ሞጁሎች አሉ፦ 24ቱ ከኋላ ወንበር ሥር ቆመው፣ 12 እና 12ቱ ከፊት በግራና በቀኝ ተኝተው። አንዱ ሞጁል 3.8 ኪሎ ነው፣ አራት ሴሎች ሁለት ሁለት ሆነው ተገናኝተውበታል። ስለዚህ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት፣ በ30 በመቶ ላይ ደግሞ 7.4 አካባቢ ያነባል። መሃሉ ላይ ያለው ሦስተኛ ጫፍ የሴል ቮልቴጅ ለመለካት ብቻ ነው፤ ጭነት አይገናኝበትም።

ክዳኑ በብሎንም በማጣበቂያም ስለተያዘ ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ በቀጭን የፕላስቲክ ሽብልቅ እየገፉ ይክፈቱት። ረጅም የብረት መፈልቀቂያ ወደ ውስጥ ከተንሸራተተ መዳቡን ያገኛል። ከተከፈተ በኋላ የሚከተለው ቅደም ተከተል አይቀየር፦ መጀመሪያ የባትሪው ኮምፒውተር የመለኪያ ሽቦዎች ይነቀሉ፣ ቀጥሎ ቁልሎቹን የሚያገናኙት ወፍራም መዳቦች፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ቁልል ውስጥ በየ7 ሞጁሉ አንድ ማገናኛ። የመለኪያ ሽቦዎቹ ተሰክተው ሳለ መዳብ ከተፈታ ያልታሰበ ቮልቴጅ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄድና ያቃጥለዋል፤ እሱም የሚሸጥ ዕቃ ነው። በ7 ሞጁል መክፈሉ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ከ60 ቮልት በታች ስለሚያደርገው ሥራው ከዚያ በኋላ ይቀላል። አንዱን ብሎን ሲፈቱ ሌሎቹ ጫፎች በጎማ ምንጣፍ ይሸፈኑ።

እያንዳንዱ ሞጁል ላይ ቁጥር፣ ቀንና በሚሊቮልት ደረጃ የተለካ ቮልቴጅ ይጻፍ። ከ5 ቮልት በታች የወረደ፣ ማለትም ሴሉ 2.5 ቮልት ያልደረሰ ሞጁል ተመልሶ አይሞላ። በዚያ ዝቅታ መዳቡ ሟሙቶ ሲሞላ ሴሉን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ሆዱ ያበጠ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ያለው ሞጁልም ይለይ። የቀሩትን ሁለት ሳምንት አስቀምጠው እንደገና ይለኩ፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ በ20 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ የወረደው በራሱ ይፈሳል፣ አይሸጥም።

ቀጥሎ የአቅም ሙከራ ነው። ሞጁሉን እስከ 8.2 ቮልት ይሙሉ፣ በኤሌክትሮኒክ ጭነት (ከባትሪ የተወሰነ አምፒር እየሳበ በሚያወርድ መሣሪያ) በ10 አምፒር እስከ 6 ቮልት ያውርዱ፣ የወጣውን አምፒር ሰዓት ይመዝግቡ። 40 የሚሰጥ ሞጁል 4 ሰዓት ይፈጃል፣ የሚሰጠውም 300 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ለ48 ሞጁል ሁሉ ይህን ማድረግ በአንድ ጭነት ሳምንት ያልፋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ጭነት ገዝቶ በትይዩ መሥራት ይሻላል። አቅማቸው በ1 አምፒር ሰዓት ውስጥ የሚቀራረቡትን ሰባት ሰባት አድርገው ያጣምሩ።

ሰባት የሚሆነው ለምክንያት ነው። 7 ሞጁል በተከታታይ ሲገናኝ 14 ሴል ይሆናል፤ ይህም 48 ቮልት የሚባሉት የሶላር ኢንቨርተሮች የሚቀበሉት ነው። ሙሉ ሲሆን 58.8 ቮልት ይደርሳል፤ ለገዢው መሙላቱን በ57.4 እንዲያቆመው ይንገሩት፣ ዕድሜ ይጨምርለታል። ከ48ቱ 6 ስብስብ ይወጣና 6 ሞጁል ለመለዋወጫ ይቀራል። ስብስቡ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሳይገባለት አይሞላ፤ ይህን በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ። ሞጁሎቹን ጫን አድርገው የሚይዙት የጫፍ ብረቶችና ዘንጎች አብረው ይሽጡ፤ ሴሎቹ ሳይጨመቁ ከሠሩ ያብጣሉ።

ዋጋውን በሞጁል ቁጥር ሳይሆን በተሞከረ ዋት ሰዓት ያስሉ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ከፍተው ሰዎች በእርግጥ የከፈሉትን ይዩ፤ የተጠየቀው ዋጋ አይጠቅምም። አዲስ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል በየዓመቱ እየረከሰ ስለሆነ ያገለገለ የሊፍ ሞጁል በዋት ሰዓት ሲሰላ ከአዲሱ በደንብ ካልወረደ አይንቀሳቀስም።

ሌላው ዕቃ

የፊት መብራቶቹ ኤልኢዲ የሆኑ ከሆነ ቶሎ ይሸጣሉ፤ ማሰሪያ ጆሮዎቻቸው አለመሰበራቸውን በፎቶ ያሳዩ። ቸርኬዎቹ 5 ብሎን በ114.3 ስለሆኑ ለብዙ ሌሎች መኪኖችም ይሆናሉ። ከመኪናው ጋር የመጣው የ120 ቮልት ማሞያ ገመድ፣ የፍሬን ማገዣው የኤሌክትሪክ ክፍል፣ የኋላ ስቶፕ መብራቶችና የሚሞቁ ወንበሮች ገዢ አላቸው። በስልክ ኔትወርክ የሚሠራውን የመገናኛ ሳጥን ግን ለመሸጥ አይድከሙበት፤ የቆዩት በ2ጂ ይሠሩ ነበር፣ የተሻሻሉት በ3ጂ፤ የ3ጂው አገልግሎትም በ2022 ተዘግቷል። ኤርባግ አይሽጡ፤ ለማጓጓዝ አደገኛ ዕቃ ነው፣ ሪኮል የተደረገ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰው ላይ ባይከፈት ኃላፊነቱ ይከተልዎታል።

ማጓጓዝ

የሊቲየም ባትሪ ብቻውን ሲላክ ዩኤን 3480 የሚል ቁጥርና የክፍል 9 ምልክት ያስፈልገዋል፤ ማሸጊያውም የተፈቀደ ዓይነት መሆን አለበት። በመደበኛ ፖስታ አይሄድም። በአየር ሲሆን በጭነት አውሮፕላን ብቻ፣ ሙሌቱም ከ30 በመቶ ሳይበልጥ ነው፤ የተጎዳ ባትሪ በጭራሽ አይፈቀድም። ለግለሰብ ሻጭ የምንመክረው አንድ ነው፦ ባትሪና ሞጁል ገዢው ራሱ መጥቶ ይውሰድ። ጫፎቹ በፕላስቲክ ተሸፍነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ ታስረው ይውጡ። ሞተርና ኢንቨርተር ግን ዘይትና ፈሳሹ ከወጣ በኋላ በፓሌት ላይ ታስሮ በተራ የጭነት ድርጅት ይሄዳል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩ ወገኖች ሞጁሎችን ከቤት ዕቃ ጋር ኮንቴነር ውስጥ ሳያሳውቁ እንዳይከቱ አጥብቀን እንለምናለን። መርከብ ላይ በሙቀት ውስጥ ሳምንታት የሚቆይ ያልተመዘገበ ባትሪ የሰው ሕይወት ያሰጋል፤ ከተገኘም ኮንቴነሩ በሙሉ ይያዛል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የግል መኪና ማስገባትን ስለከለከለች የኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ እዚያ እንደሚፈለግ እውነት ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ በብዛት የሚታዩት ከቻይና የመጡ መኪኖች ናቸው፣ የመሙያ ሶኬታቸውም ጂቢ/ቲ የተባለው የቻይና ዓይነት ነው። የሊፍ ቻዴሞ ሶኬትና ቻርጀር ለነሱ አይሆንም። ልኮ ከመክሰር እዚሁ መሸጥ ይበልጣል።

የቀረውን ቀፎ የብረት መግዣው የሚቀበለው ባትሪውና ፈሳሾቹ እንደወጡ ካየ ነው፤ ታይትሉን ሲያስረክቡ ደረሰኝ ይቀበሉ። ያልተሸጡትንና የተበላሹትን ሞጁሎች ከማንኛውም ቤትና መኪና 15 ሜትር ያህል አርቀው፣ ዝናብ በማይነካቸው ቦታ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ያስቀምጡ። የባትሪ መልሶ ማቀነባበሪያ ድርጅት ይደውሉና ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሊፍ ሴሎች በአብዛኛው ማንጋኒዝ ናቸው፤ ውድ የሆነው ኮባልት እምብዛም ስለሌለባቸው የሚገዛዎት ሳይሆን የሚያስከፍልዎት ሊሆን ይችላል። መኪናውን ለመግዛት ሲደራደሩ ይህንን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀድመው ይቀንሱ።